በየትኛው ቋንቋ ነው የጠየቃችኋቸው?

ክረምት ላይ የሽማግሌዎቻችንን ታሪክ በስልክ ልትቀዱ ከውጭ አገር ጅማ የምትመጡ ልጆች፣ ካናዳ 14 ዓመት ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስህተቱን ከእናንተ በፊት ሠርቼዋለሁ።

አዳዳን፣ የአባቴን ታላቅ እህት፣ በስልኬ የቀዳኋቸው በአማርኛ ነበር። ስለ ትምህርት ቤት ስጠይቃቸው "ደህና ነበር፣ ተማርን" አሉኝ። አራት ደቂቃ፣ አለቀ። ማታ ቡና ተፈልቶ በኦሮምኛ ስናወራ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። አስተማሪው ስማቸውን ሰምቶ "ይሄ አይጻፍም" ብሎ ሌላ ስም እንደሰጣቸው፣ እናታቸው አዲሱን ስም መጥራት አቅቷቸው መጀመሪያ እንደሳቁ፣ ከዚያ እንዳለቀሱ፣ ሁሉንም ዘረገፉት። ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበር!

ጅማ እስከ 1924 ዓ.ም. በአባ ጅፋር ቤት የራሷ አስተዳደር ነበራት። ከዚያ በኋላ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ትምህርቱም ፍርድ ቤቱም አማርኛ ሆነ። ሽማግሌዎቹን ስለ ያን ዘመን በአማርኛ ከጠየቃችኋቸው የምትሰሙት ለአስተማሪው ይሰጡት የነበረውን መልስ ነው። (እኔም የምጽፈው በአማርኛ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሳቁብኝ።) ኦሮምኛ ካልቻላችሁ የአክስት ልጅ ይጠይቅ፣ እናንተ ስልኩን ያዙ።

ስትቀዱ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ድምፁ እንዳይረብሽ ፍሪጁንም ንቀሉ። የድሮ ፎቶ ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ፣ ስምና ቀን የሚገኘው እዚያ ነው። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ኦሪጅናሉን ማንም አይቁረጠው። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ እናንተ ጋ፣ አንድ ክላውድ ላይ ይቀመጥ።

ካናዳ ውስጥ ከወላጆቻቸው ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት የገቡ የነባር ሕዝቦች ልጆችን ጉዳይ የመረመረው ኮሚሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራውን እስኪጨርስ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሰምቷል። ከሁሉም የማልረሳው ግን ከከተማ ከተማ ይዘውት የሚዞሩትን በእንጨት የተቀረጸ ሣጥን ነው፤ ሰው ለመታሰቢያ ያመጣውን ነገር እዚያ ያስቀምጥ ነበር። እኛስ? በርጩማ ጠራቢ በሞላበት ከተማ እንዲህ ያለ ሣጥን ያቅተናል?

አንድ ነገር ሳትጠይቁ እንዳትለጥፉ። አዳዳ "ድምፄ አይውጣ፣ ሥዕል ከሆነ ይሁን" አሉ። የእህቴ ልጅ ታብሌቷ ላይ የተማሪ ደብተር ሳለች፤ የድሮው ስም በላጲስ ተፍቆ ጭረቱ ብቻ ቀርቷል። አሳትመን ሳሎናቸው ሰቀልነው። እንግዳ ሲመጣ የተፋቀውን ራሳቸው ያነቡለታል።