ጓሮ ለምትለኩ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ጅማ በአዌቱ ወንዝ ዳር፣ የማኅበር አትክልት በሚለማበት ቦታ፣ የጓሮዎችን ካርታ ለመሥራት ስልካችሁን ይዛችሁ በጎመን መደቦች መካከል ስትመላለሱ አየኋችሁ። ዕድሜዬ በቅየሳ ሥራ ያለፈ በመሆኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ስልክ የቆማችሁበትን ቦታ ሲያሳይ፣ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል። መንገድ ለሚፈልግ ሰው ይህ ምንም አይደለም። አሥር በአሥራ አምስት ሜትር ለሆነ ጓሮ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከአቮካዶ ጥላ ሥር ወይም ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ደመና ግን አያግደውም፤ የጅማ ዝናብ ይቁም ብላችሁ አትጠብቁ። የጓሮውን አንድ ማዕዘን በገላጣው በኩል በስልክ ያዙ፣ ጎኖቹን በሜትር ለኩ። ከሳተላይት ምስል ላይ እንሣለው የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ በነጻ በሚገኘው፣ ሴንቲኔል 2 በሚባለው ሳተላይት ምስል ላይ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር እንደሆነች ንገሩት። ያ ጓሮ እዚያ ላይ ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም።

የድሮውን 1፡50,000 ካርታ ከሥር ስታነጥፉም ተጠንቀቁ። የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች በሚቆጠሩበት የመሬት ስሌት ነው፤ ስልካችሁ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው። ሳታስተካክሉ ብትደርቧቸው 200 ሜትር ገደማ ይሸሻሉ። ወጣት ሳለሁ ይህን ዘንግቼ የአንድ ገበሬን ማሳ ወንዝ ማዶ አስቀምጬበታለሁ። ገበሬው ወረቀቱን ዐይተው «ይህ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ከዋርካው ወዲህ ነው» አሉኝ። ከእኔ በላይ ያሉት አለቆች ሁሉ ዐይተው አጽድቀውት ነበር። ስሕተቱን ያገኙት እኒያ ማንበብ የማይችሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ያፈርኩትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ያላየውን ካርታ ጨርሻለሁ ብዬ አላውቅም።

የጅማ ጓሮ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቁ የሚነበብ አይደለም። ከላይ አቮካዶና ሙዝ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎደሬ፣ ወደ ቤቱ ጠጋ ብሎ እንሰት፣ ከአጥሩ ጥግ ጤና አዳምና በሶብላ። ይህን ሁሉ በአንድ ቅርጽ ከባችሁ «ቡና» ብላችሁ ብታልፉ የቤቱን ምግብ ከካርታው ላይ ታጠፋላችሁ። ሰንጠረዣችሁ ለአንድ ጓሮ ብዙ ተክል የሚቀበል ይሁን። ውኃው ከየት እንደሚመጣም መዝግቡ፤ ከጉድጓድ የሚጠጣ ጎመንና የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ የሚጠጣ ጎመን አንድ አይደሉም። ከመካከላችሁ አንዱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ይሁን፤ ጎመኑን «ራፉ» ካሏችሁም ራፉ ብላችሁ ጻፉ።

በራቸውን ስታንኳኩ ፍርሃት ብታዩ አትቀየሙ። ድሮ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ በተጣለ ጊዜ ብዙ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኗል። ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬም ልብ ያስደነግጣል። እማማ «ለግብር ነው? ሊያነሡን ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ ሥራችሁን አቁማችሁ፣ ተቀምጣችሁ መልሱላቸው። ለትምህርት ከሆነ ለትምህርት ነው በሉ። ካርታው ማን እጅ እንደሚገባም ንገሯቸው፤ የማታውቁትን ደግሞ ቃል አትግቡ። አይሆንም ካሉ አመስግናችሁ ውጡ፤ ያ ጓሮ ባዶ ይቅር። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ሁሉም በሚያየው ካርታ ላይ አታስፍሩ።

ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም በነጻ አውርዳችሁ መሥራታችሁ ያስደስተኛል፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረም። ሥራውን ስትጨርሱ ግን ኮምፒውተር ውስጥ አትተዉት። በትልቅ ወረቀት አሳትሙና ወደ አዌቱ ዳር ይዛችሁ ተመለሱ። መሬት ላይ ዘርጉት፣ አትክልተኞቹ ይክበቡት፣ እስክሪብቶውን ለእነርሱ ስጡ።