ከጎረቤት ሐኪም ጋር ሥራዬን ብወያይ ታካሚዎቼን አጣ ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከአንዲት ነርስና ከአንዲት እንግዳ ተቀባይ ጋር የምሠራበትን አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ከከፈትኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኮንዶሚኒየሞቹ ሰው ሲገባባቸው ታካሚም አብሮ ይበዛል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ይሁን እንጂ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ሌሎች ሦስት ክሊኒኮች ተከፍተዋል፤ ወደ እኔ የሚመጣውም ሰው አብዛኛው «ንቀይልኝና ልገላገል» ባይ ነው። በቅርቡ በኮዬ ፈጬ የሚሠሩ አንድ ባልደረባ፣ ስድስት ያህል የጥርስ ሐኪሞች በወር አንድ ጊዜ እየተሰበሰብን በየሥራችን ላይ እንድንማማር ሐሳብ አቀረቡ። ባለቤቴ ግን «የሥራሽን ምስጢር ለተፎካካሪዎችሽ አሳልፈሽ ልትሰጪ ነው?» እያለ ይሞግተኛል። እኔም ብሆን ውዬ ደክሞኝ፣ ሁለት ልጆች ቤት እየጠበቁኝ የማሳልፈው ምሽት ክሊኒኬን በእርግጥ ያሳድገው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ምን ይመክሩኛል?
የጥርስ ሐኪም፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ የተከበሩ የሙያ እህቴ፤ ምክሬ ይግቡበት የሚል ነው። ይህንን የምለው በቃሊቲ አካባቢ ከአራት ባልደረቦቼ ጋር ተመሳሳይ ቡድን አቋቁሜ ለዓመታት ስለቆየሁበት ሲሆን፣ የሚሰጠውን ጥቅም ብቻ ሳይሆን የሚበላሽበትንም መንገድ በዓይኔ አይቻለሁ።

የባለቤትዎ ስጋት ለእርስዎ ከማሰብ የመጣ ነውና አላቃልለውም። ነገር ግን በከተማዋ ዳርቻ የምንሠራ ሐኪሞች ታካሚ የምናጣው ከመንገዱ ማዶ ባለው ክሊኒክ ምክንያት ብቻ አይደለም። ጥርሱ መታመም ሲጀምር ቅርንፉድ ነክሶ፣ ከፋርማሲ ማስታገሻ ገዝቶ ወራት የሚያሳልፈው፣ ፊቱ አብጦ እንቅልፍ ሲያጣ ብቻ የሚመጣውና ያን ጊዜም ከመንቀል በቀር ሕክምና መኖሩን የማያምነው ሰው ከአራታችሁም ክሊኒክ የራቀ ነው። አለማመኑም ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው፤ እርሱ ራሱ ወይም አንድ ደረጃ የሚጋራው ጎረቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ያስሞላው ጥርስ ተመልሶ አሞታል። አንድ ያልተሳካ ሥራ በአንድ ብሎክ ውስጥ ሲወራ ስሙ የሚጎድፈው የአንዱ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የጥርስ ማዳን ሥራው በሙሉ ነው። ስለዚህ የጎረቤትዎ ሐኪም ሥራ መሻሻል እርስዎንም የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

የእኛ ቡድን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያለፍሬ አልፈዋል፤ ምክንያቱም ሁላችንም ያማረልንን ሥራ ብቻ እየያዝን እንመጣ ነበር። አንዱ ፎቶግራፍ ያሳያል፣ ሌላው ያደንቃል፣ ቡናው ይጠጣል፣ እንለያያለን። በአራተኛው ወር ግን ለብዙ ቀናት ሲያስጨንቀኝ የነበረ ኤክስሬይ ይዤ ሄድኩ። የአንዲት እናት የላይኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ነበር፤ ሦስቱን የሥር ቦዮች፣ ማለትም በሥሩ ውስጥ ነርቭ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን መተላለፊያዎች፣ ጠርጌ ሞልቻለሁ፣ በኤክስሬዩ ላይ ሙሌቱ ጥሩ ይመስላል፣ እርሷ ግን ሲነክሱበት ያማል እያሉ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ እኔም ሁለቱንም ጊዜ «ይተውዎታል» ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ። ኤክስሬዩን ያየች ከሁላችን ታናሽ የነበረች ባልደረባ «አራተኛውን ቦይ ፈልገውታል?» ስትል ጠየቀችኝ። አልፈለግሁትም ነበር። በዚህ ጥርስ ላይ በጉንጭ በኩል ያለው የፊተኛው ሥር ከግማሽ በሚበልጡ ሰዎች ዘንድ ሁለተኛ ቦይ አለው፤ በትምህርት ቤት ሁላችንም የተማርነው ቢሆንም፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ቀን በቀን በሚያየው ልማዱ ውስጥ ይረሳዋል። ጥርሱን ዳግመኛ ከፍቼ፣ ከባልደረባዬ በተዋስኩት ማጉያ መነጽር ፈልጌ አገኘሁት፤ ሕመሙም ተወ። እኒያ እናት በኋላ ባለቤታቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን ይዘው መጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል ለሐኪምም የተነገረ መሆኑን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ሆነ፤ በዕለቱ ተረኛ የሆነ ሰው ያልሆነለትን ወይም ያልገባውን ሥራ ይዞ ይመጣል።

ይህ እኛ የፈጠርነው አሠራር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም በሲያትልና በአካባቢዋ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥርስን በወርቅ የሚሞሉ ሐኪሞች በትንንሽ ቡድኖች እየተሰበሰቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ታካሚ አምጥተው ይሠሩ፣ ልምድ ያለው መምህርም ወንበር ለወንበር እየዞረ ስሕተታቸውን ይነግራቸው ነበር። እርስ በርስ መተያየት ሥራን እንደሚያጠራ በዚያም ታይቷል።

«ታዲያ ገቢዬ በምን ያድጋል?» ይሉ ይሆናል። የተነቀለ ጥርስ አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍላል፤ የዳነ ጥርስ ግን ታካሚውን ለእጥበት፣ ለክራውን (ጥርሱን ለሚያለብሰው ሽፋን)፣ ከዚያም ልጆቹን ይዞ እንዲመለስ ያደርገዋል። የሥር ሕክምናዎ አስተማማኝ መሆኑን ራስዎ ሲያምኑ ደግሞ «ንቀይልኝ» ለሚለው ሰው የሚሰጡት ማብራሪያ ድምፁ ይለወጣል፤ ሰውም ይህንን ይሰማል። በተጨማሪም አንዱ ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ) ይሠራል፣ ሌላው ተጋድሞ የበቀለ የአእምሮ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ያወጣል፤ በሥራቸው የሚተዋወቁ ሰዎች ታካሚን ያለ ስጋት ይላላካሉ፣ የተላከውም ለቀሪው ሕክምና ወደ ላኪው ይመለሳል። በእኛ ቡድን አንድ ምሽት ስለ ቡናማ ጥርስ ብቻ ተወያይተናል፤ ከወንጂና ከባቱ አካባቢ፣ ልጅነታቸውን ፍሎራይድ (ሲበዛ የጥርስን ቀለም የሚያበላሽ ማዕድን) የበዛበት የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ያሳለፉ ብዙ ወጣቶች ወደ ዳርቻው ሰፈሮች መጥተዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ወዲያውኑ ጥርሱን ሞርደው ክራውን ያለብሱ ነበር፤ ቀለሙ ቀላል ከሆነ ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ በጥንቃቄ በመፈተግ ብዙ ማሻሻል እንደሚቻል ከባልደረባቸው ተማሩ። ዋጋው ለታካሚው ቀነሰ፤ ስለዚህም ይበልጥ ብዙ ሰው መጣ።

ስለ አደረጃጀቱ ብዙ አልልም። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፤ ስብሰባው እንደ ጽዋ ማኅበር ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዙር፤ የእርስዎ ልጆች ስለሚጠብቁዎት ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ገና ሲጀመር ያስወስኑ። የታካሚ ስም ከኤክስሬይና ከፎቶግራፍ ላይ ይጥፋ፤ ፊት የሚታይ ከሆነ ደግሞ የታካሚው ፈቃድ ይቅደም። ስብሰባችሁ በራሱ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚቆጠር ነጥብ እንደማያስገኝም ይወቁ፤ ነጥቡ የሚሰጠው ዕውቅና ባለው አሠልጣኝ በኩል ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ሐኪሞች ሲሰበሰቡ «ሁላችንም የመሙያውን ዋጋ እኩል እናድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህንን አይቀበሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ተወዳዳሪዎች ዋጋ ለመወሰን መስማማታቸው ክልክል ነው፤ ታካሚውንም የሚበድል ነው። ዕቃ በጋራ ገዝቶ መካፈል ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ጊዜው ሳያልፍበት ሊጨርሰው የማይችለውን የጥርስ ማሸጊያ ቁስ አምስት ሆኖ መግዛት ብክነትን ይከላከላል።

ጥያቄ፦ በሰበታ በአንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ ዴንታል ቴራፒስት ነኝ። ሐኪሞች የሚሰበሰቡበት የጥናት ቡድን እንዳለ ሰምቼ መግባት ብፈልግም «እርሱ ለዶክተሮች ነው» ተባልኩ። ልክ ነው?
ከሰበታ

መልስ፦ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ለቡድኑ ሰብሳቢ ራስዎ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ሁልጊዜ መገኘት ባይቻል እንኳ መሣሪያን ከተሕዋስያን ማጽዳት በሚነሣበት ምሽት እንዲገኙ ይጠይቁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሐኪሙ ይልቅ የሚያውቁት ዕለት ዕለት የሚሠሩት ናቸውና። አውቶክሌቭ፣ ማለትም መሣሪያን በጋለ እንፋሎት የሚያጸዳው ማሽን፣ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ በ134 ዲግሪ ደግሞ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ሙቀቱን ጠብቆ መቆየት አለበት፤ መካከል ላይ መብራት ከጠፋ ዙሩ ከመጀመሪያው ይደገማል እንጂ ከቆመበት አይቀጥልም። በዳርቻው ሰፈሮች መብራት በሚቆራረጥበት ሁኔታ ይህ በየክሊኒኩ ምን ያህል እንደሚጠበቅ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ በሽታ ባልጸዳ መሣሪያ ይተላለፋል። ማሽኑ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የስፖር ምርመራም (ሙቀትን የሚቋቋሙ ተሕዋስያን በማሽኑ ውስጥ መሞታቸውን የሚያሳየውን) ክሊኒኮቹ በጋራ ቢገዙት ወጪው ለእያንዳንዳቸው ይቀልላል። ሲሄዱ ዙሩ የተጀመረበትንና የተቋረጠበትን ሰዓት የጻፉበትን የአንድ ወር መዝገብ ይዘው ይሂዱ።