በፎቶው ጥግ የታየኝ የቀፎ በር

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዋሽ አካባቢ ነው። 6 ቀፎ ንብ ነበረኝ፤ አንዱ ኮብልሎ 5 ቀርቶኛል። የበረሃ ተርብ አስቸግሮኛል፣ ንቡም ሰንፏል። ልጄ በስልኩ ያነሳቸውን 3 ፎቶዎች ልኬልዎታለሁ። ምን ዓይነት ተርብ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ የሚገድለውን መድኃኒት ስምም ይጻፉልኝ።

መልስ፦ የልጅዎ እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ዓይኑ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ያለው፣ ወገቡ እንደ ክር የቀጠነው ጥቁር ተርብ፣ ግድግዳ ላይ የጭቃ ቤት የሚሠራው ነው። ለእጮቹ ሸረሪት ያድናል፤ ከንብዎ ጋር ጉዳይ የለውምና ይተዉት።

ሁለተኛው ፎቶ ደብዝዟል። ቢሆንም ቀይ ቡናማ ገላ፣ ቢጫ ፊትና ሆዱ ላይ ሰፊ ቢጫ መቀነት ይለያል። አጠገቡ ያለችው ንብ ደግሞ ግማሹን ብታክል ነው። ምሥራቃዊው ትልቅ ተርብ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ሌላው ነፍሳት ጥላ በሚፈልግበት ቀትር እሱ ፀሐይ ላይ ይውላል። ሌላ ጊዜ የሞተ ሲያገኙ ልጅዎ አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጦ ከላይም ከጎንም ያንሳው፤ መጠኑና ወገቡ ከታየኝ አልወራረድም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ሦስተኛው ነው። ተርቡ አምልጧል፤ የቀረው የቀፎው በርና ከሥሩ ያለች ሳህን ናቸው። በሩ አራት ጣት ያስገባል። ሳህኗ ላይ ማሩ ተጨምቆ የወጣለት የማር እንጀራ ተከምሯል።

ንቡ ሰነፈ ያሉኝ ስንፍና አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ተርቡ በሩ ፊት ያንዣብብና ቀስማ የምትመለሰውን ይቀልባል። ጭንቅላቷንና ክንፏን ቆርጦ ይጥልና ደረቷን ለእጮቹ ይወስዳል። ከቀፎው ሥር የተቆራረጠ ክንፍ ይፈልጉ፤ ያገኛሉ። ንቡ መውጣት ሲፈራ አበባም ውኃም ይቀርበታል፣ በሙቀቱ ላይ ይህ ሲጨመር ይኮበልላል።

ስለዚህ በሩን ያጥብቡት። ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ በበሩ ልክ ይቁረጡና በሚስማር ይምቱት፤ ከታች ከእርሳስ ውፍረት ትንሽ ያነሰ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። የሚያሳጥሩት የበሩን ቁመት ነው እንጂ ወርዱን አይደለም። በእናንተ ሙቀት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ከተዉለት ንቡ ይታፈናል። ቀፎው ባህላዊ ከሆነ በጭቃና በእበት ይምረጉትና ጭቃው ሳይደርቅ ከእርሳስ ትንሽ በቀጠነ እንጨት ስምንት አሥር ቦታ ይብሱት። ሥራው ንቡ ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ፣ ትንሽ ጭስ ሰጥቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በሩ ላይ ይጋፋሉ፤ አይደንግጡና መልሰው አይክፈቱት። ጠዋት ጠዋት የሞተ ንብ እንዳይዘጋው በቀጭን እንጨት ጠረግ ያድርጉ። ጠባብ በር ላይ ጠባቂዎቹ ብርቱ ናቸው፤ የቆጵሮስ ንቦች ይህንኑ ተርብ ከበው በማፈን ይገድሉታል።

ሳህኗን ዛሬውኑ ያንሱ። በየሄድኩበት የማየው ጥፋት ነው፤ ማር ይቆረጣል፣ የተጨመቀው እንጀራ ቀፎ ሥር ይጣላል፣ ከዚያ ተርብ መጣብን ይባላል። እናንተው ጠርታችሁት! ከቀፎው ራቅ አድርገው ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት ወይም አቅልጠው ሰፈፉን ይሽጡት። በምትኩ ጠጠር የሞላበት ጣሳ ላይ ውኃ አድርገው ከጥላ ሥር ያኑሩላቸው።

መድኃኒቱን ግን አልጽፍልዎትም። በር ላይ የተረጨ የተባይ መድኃኒት ከተርቡ በፊት ንቡን ይፈጃል፣ ማሩም ውስጥ ይገባል። የተርቡ ቤት መሬት ውስጥ ነውና ጉድጓዱን ካገኙ ቤንዚን ይዘው እንዳይሄዱ፤ ምልክት አድርገው ለቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ያሳዩ።

በ10 ቀን ውስጥ ሌላ ፎቶ ይላኩልኝ። አሁን ግን ልጅዎ ተርቡን ማሳደዱን ይተውና በሩን ያንሳልኝ።