ወንጌል ለምን አራት ብቻ ሆነ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ወንጌሎች አመራረጥ ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ከበዓላት ቀን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ድምፅ አሰጥቶ ነው አራቱን ያስመረጠው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዩቲዩብ የሚናፈስ ወሬ ነው። በ325 ኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ዋና ጉዳያቸው «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ ያስተማረው አርዮስ ነበር። ትንሣኤ መቼ ይከበር የሚለውም ተነሥቷል። ካወጧቸው 20 ቀኖናዎች አንዱም ስለ መጻሕፍት ዝርዝር አያወራም። ደግሞ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ በ180 አካባቢ፣ የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ «ወንጌል አራት ነው፤ አይበዛም አያንስም» የሚል ሐሳብ ጽፏል። ምክንያቱ? የዓለም ማዕዘን አራት፣ ነፋስም አራት ስለሆነ ነው። ምክንያቱ እኔን ብዙም አላሳመነኝም። ሰውዬው ምክንያት ፍለጋ የገባው ግን አራቱ ቀድመው ስለተለመዱ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን መረጠ?

መልስ፦ በአንድ ቀን የመረጠ አካል የለም። በየከተማው በጸሎት ጊዜ የሚነበበው ቀረ፣ የማይነበበው ተረሳ። ጭቅጭቅ ሲነሣ ግን ኤጲስ ቆጶሱ ይጠየቃል። የሰራፕዮንን ታሪክ እዩት። በ200 አካባቢ የአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ ነበር። ሮሶስ ወደምትባል ከተማ ሲሄድ ሰዉ «የጴጥሮስ ወንጌል» በሚባል መጽሐፍ ተጣልቶ ይደርሳል። እሱም መጽሐፉን ሳያገላብጥ «ጠባችሁ ይሄ ብቻ ከሆነ ይነበብ» ብሎ ተመለሰ። በኋላ ክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ አልለበሰም የሚሉ ሰዎች እንደሚጠቀሙበት ሰማ። መጽሐፉን አስመጥቶ አነበበው። አብዛኛው ደህና ነው፣ የተጨመረበት ነገር ግን አለ ብሎ ጻፈላቸው። ደብዳቤውን በከፊል ያቆየልን የታሪክ ጸሐፊው አውሳቢዮስ ነው።

የዚሁ ወንጌል ነው የሚባል ቁራጭ በ1880ዎቹ ግብፅ፣ አክሚም ውስጥ ከመቃብር ተገኝቷል። ክርስቶስ ከመቃብር ሲወጣ መስቀሉ ከኋላው ይከተለዋል። ከሰማይ ድምፅ መጥቶ «ላንቀላፉት ሰበክህላቸው?» ሲል «አዎ» ብሎ የሚመልሰውም መስቀሉ ነው!

ጥያቄ፦ የቶማስ ወንጌል ምን ቢኖርበት ነው የተደበቀው?

መልስ፦ 114 አባባሎች ናቸው። ልደት የለ፣ ስቅለት የለ፣ ትንሣኤ የለ። የሰናፍጯን ቅንጣት ምሳሌ የመሰሉት ከማቴዎስና ከሉቃስ ጋር ይገጥማሉ። መጨረሻ ላይ ግን ጴጥሮስ ማርያም የምትባለዋን ሴት «ከመካከላችን ትውጣ» ሲል፣ ኢየሱስ «ወንድ አደርጋታለሁ» ብሎ ይመልሳል። በ1945 ግብፅ ናግ ሐማዲ አጠገብ በቅብጥ ቋንቋ ተጽፎ ተገኘ። አሁን ማንም ሊያነበው ይችላል፤ አንብቡት፣ ምንም አያስፈራም።

ጥያቄ፦ የአዲስ ኪዳን 27 መጻሕፍት ዛሬ ባሉበት ቁጥር መቼ ተዘረዘሩ?

መልስ፦ በ367፣ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በላከው የፋሲካ ደብዳቤ። የእኛን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን 81 መጻሕፍት ስላሏት ተጨማሪ ወንጌል አላት ማለት ነው?

መልስ፦ የለም፣ ወንጌል እኛም ጋ አራት ነው። ትርፎቹ እነ ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ ሲኖዶስ፣ ዲድስቅልያ ናቸው። የሚገርመው ሌላ ነው። ኢያቄምና ሐናን ሁላችንም እናውቃለን አይደል? በአራቱ ወንጌል ውስጥ ግን ስማቸው የለም። ስማቸውን የምናገኘው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጻፈውና የያዕቆብ ከሚባለው ወንጌል ነው። እመቤታችን በ3 ዓመቷ ቤተ መቅደስ መግባቷም እዚያ አለ። ታኅሣሥ 3 በዓታን ስናከብር የምንሰማው ታሪክ ማለት ነው። ከዝርዝሩ ያልገባ ሁሉ ተጥሏል ለሚሉኝ ሁሌ ይህን አነሣለሁ።

ጥያቄ፦ የበርናባስ ወንጌልስ? ከሙስሊም ጓደኞቼ ጋር ሁሌ ያከራክረናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእጃችን ያለው የጣልያንኛ ቅጂ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ኢዮቤልዩ የሚባለው የነጻነት ዓመት በየ100 ዓመቱ ይከበራል ይላል። በኦሪት ግን 50ኛው ዓመት ነው፤ 100 የሚለውን ያመጣው የሮሙ ፓፓ በ1300 ነው። መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ይመስላል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ምርጫ ስትከራከሩ ይሄን መጽሐፍ ወደ ጎን አድርጉት።