የአፍላቶክሲን ስታንዳርድ፤ በዱቄት ወይስ ተሟሙቶ?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን የምትሠሪበት የከብት መኖ ማቀነባበሪያ ኤች ፒ ኤል ሲ (በናሙና ውስጥ ያለን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) መግዛቱን ገልጸሽ፣ «የአፍላቶክሲን ስታንዳርድ በዱቄት ይምጣልን ወይስ ተሟሙቶ? ጊዜው ካለፈስ ይጣላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ በምግብና በመኖ ላቦራቶሪ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ። እንደምታውቂው አፍላቶክሲን ሻጋታ በእህልና በመኖ ላይ የሚፈጥረው መርዝ ነው፤ ስታንዳርዱ ደግሞ የመሣሪያው ንባብ የሚነጻጸርበት፣ መጠኑ የታወቀ ንጹሕ መርዝ ነው።

የተሟሟውን ግዙ። አራቱ የአፍላቶክሲን ዓይነቶች፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2፣ በአንድ አምፑል (በታሸገ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) ተቀላቅለው፣ የየአንዳንዳቸው መጠን በሰርተፍኬት ተጽፎ ይሸጣል። ዱቄቱ በሚሊግራም ሲሰላ ይረክሳል፤ የግዢ ክፍል ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ሚሊግራም ቢ1 ሁለት ኩንታል መኖን በኪሎግራም 5 ማይክሮግራም ለመበከል ይበቃል፤ ይህም የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ላሞች መኖ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠን ነገር፣ የአየር መሳቢያው በቅጡ በማይሠራበት ክፍል ውስጥ ብናኝ ሆኖ ሳለ መክፈት ምን ይሉታል? በዚያ ላይ ያቺን ታህል ነገር በሚዛን አታምኛትም፤ እዚያው ብልቃጧ ውስጥ አሟሙተሽ መጠኗን በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥጥ በሚለካ መሣሪያ) ማረጋገጥ ግድ ይሆንብሻል።

ጊዜው ያለፈበትን በተመለከተ፣ ቢ1 ብቻውን አሴቶናይትራይል በሚባለው ሟሚ ተሟሙቶ ከሆነ መፈተን ይቻላል። በስፔክትሮፎቶሜትሩ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ብርጭቆ)፣ በ350 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ያነበብሽውን አብዞርባንስ (የተመጠጠውን የብርሃን ልክ) በ15 አባዢው፤ በሚሊሊትር ስንት ማይክሮግራም እንዳለ ይነግርሻል። በሚሊሊትር 10 ማይክሮግራም አካባቢ ያለበት ፈሳሽ ወደ 0.66 ያነባል። ቅልቅሉ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ አራቱም በዚያው አካባቢ ብርሃን ስለሚመጥጡ ማን ምን ያህል እንደሆነ አይለይም። እዚያ ላይ ያለው አማራጭ አዲስ አምፑል ከፍቶ በኤች ፒ ኤል ሲው ጎን ለጎን ማስነበብ ነው። ልዩነታቸው ከ5 በመቶ ካለፈ እኔ አሮጌውን አልነካውም። ለኦዲተር የሚቀርብ ውጤት ከሆነ ደግሞ ልዩነት ባይኖረውም ቀኑ ያለፈበትን አልጠቀምም፤ ክርክሩ ከአምፑሉ ዋጋ ይበልጣል።

ስታንዳርድን የሚገድለው ግን ከቀኑ ይልቅ አያያዙ ነው። ብርሃን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ቡናማ ብልቃጥ። ሟሚው ሲተንን ደግሞ መርዙ እዚያው ይቀርና ፈሳሹ ሳታውቂው ይወፍራል፤ ያኔ የናሙናሽ ውጤት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ብልቃጡን ወደ ፍሪዘር ስትመልሺ መዝነሽ ክብደቱን ጻፊበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስታወጪው ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቂና ሳትከፍቺ እንደገና መዝኚ። ከቀነሰ ተንኗል። መብራት በሄደ ቁጥር «ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም አይሆንም» የሚል ሰው አይጠፋም። የደብረ ብርሃን ብርድ ለብርድ ልብስ ሻጭ ይበጅ ይሆናል እንጂ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አይደለም።

አሁን ገንዘባችሁን የት ብታውሉ እንደምመርጥ ልናገር። ንጹሕ ስታንዳርድ መሣሪያው በትክክል ማንበቡን ያሳይሻል፤ መርዙን ከፋጉሎው ውስጥ አውጥተሽ መጨረስሽን ግን በምን ታውቂያለሽ? የኑግ ፋጉሎ ዘይትና ጥቁር ቀለም አለው፤ ናሙናውን የሚያጸዳውን ማጣሪያ ኮለመን ይጫነዋል፣ መርዙም ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ካሊብሬሽኑ (መሣሪያውን በስታንዳርዱ ማስተካከሉ) ቀጥ ያለ መስመር ሰጥቶሽ፣ ናሙናው በኪሎግራም 12 ማይክሮግራም ያለበት ሲሆን 6 ልታነቢ ትችያለሽ። ስለዚህ ከአምፑሉ ጋር፣ በተፈጥሮው የተበከለና መጠኑ ተረጋግጦ በሰርተፍኬት የተጻፈ ማመሳከሪያ የእህል ዱቄት እዘዙ። አምራቹ በአይኤስኦ 17034 (ለማመሳከሪያ ቁስ አምራቾች በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ ከተረጋገጠው መጠን ጎን የስሕተት ወሰኑ መጻፉን ተመልከቺ። በብዛት የሚገኘው የበቆሎ ስለሆነ ለበቆሎ መኖሽ ይስማማል። ለፋጉሎው፣ ለማሾና ለበርበሬ ግን ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ናሙና ፈልገሽ፣ የታወቀ መጠን ያለው ስታንዳርድ ጨምረሽበት፣ አንድ ሌሊት አሳድረሽ፣ ስንቱን መልሰሽ እንዳገኘሽ አስዪ። በኪሎግራም ከ1 እስከ 10 ማይክሮግራም ባለው ክልል ከ70 እስከ 110 በመቶ ከመለሰ ይበቃል። 50 በመቶ ከሆነ መሣሪያውን አትውቀሺ፤ መርዙን ከናሙናው ማውጣቱ ወይም ማጣሪያው ላይ ነው ችግሩ።

የኤላይዛ ኪት (በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ፈጣን መመርመሪያ) ያላችሁም ከሆነ፣ በውስጡ የሚመጣው ስታንዳርድ ለዚያው ኪት የተሠራ ነውና ወደ ኤች ፒ ኤል ሲ አታሻግሩት። ያንኑ ማመሳከሪያ ዱቄት ግን በኪቱም አስነብቡት።

ወተትም መመርመር ካሰባችሁ ኤም1 የሚባለው ለብቻው ይገዛል፤ ላሟ ከመኖው የበላችው ቢ1 ተለውጦ በወተቷ የሚወጣው እርሱ ነው። የአውሮፓ ጣሪያ በኪሎግራም 0.05 ማይክሮግራም፣ የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) ደግሞ 0.5 ስለሆነ፣ ለመኖ ያዘጋጀሽው ካሊብሬሽን እዚያ ድረስ አይወርድም።

ለናሙና አወሳሰድ ብዙ አልሄድም። ከአንድ ጆንያ አፍ የተዘገነ ፋጉሎ የቱንም ያህል ጥሩ ስታንዳርድ ቢኖርሽ ዋጋ የለውም፤ ከብዙ ጆንያ ውስጠኛው ክፍል ውሰጂ፣ ሁሉንም ፍጪ፣ አደባልቂ፣ ከዚያ መዝኚ።

ስታዙ ቢያንስ ምን ያህል የመጠቀሚያ ጊዜ ቀርቶት እንደሚላክ ከአቅራቢው በጽሑፍ ተቀበሉ። የውጭ ምንዛሬውና ጉምሩኩ ጊዜውን ይበሉታል፤ ትንሽ አምፑል ደጋግሞ ማዘዝ ከትልቅ ጥቅል ይሻላል።

የተጠቀምሽበትን ብርጭቆ ሶዲየም ሃይፖክሎራይቱ 1 በመቶ እስኪሆን በቀጠነ በረኪና ሁለት ሰዓት ዘፍዝፊ፤ ከዚያ የጠቅላላውን 5 በመቶ ያህል አሴቶን ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ድፊ፣ ይህም በአየር መሳቢያው ሥር። በአሲድ የምታጥቢው ዕቃ ካለ በረኪናው በውኃ በደንብ ከለቀቀ በኋላ ይሁን፤ ሁለቱ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።