ቦርዱ «ቅድሚያ» የሚለው ጉዳይ ከየትኛው በጀት ይወጣል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሁለት ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ትልቋ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ጭንቀት ስለሚያስቸግራት ከትምህርት ቤቷ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ጋር ቶሎ ቶሎ እንድትገናኝ እፈልጋለሁ። ታናሹ ግቢ ውስጥ በተተከለ ትሬይለር (ተንቀሳቃሽ የመማሪያ ክፍል) ውስጥ ይማራል፤ የዋናው ህንጻ ጣራም ያረጀ ነው። የትምህርት ቦርዱ የተማሪዎች ደኅንነት፣ ህንጻና ገንዘብ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች መሆናቸውን አንብቤአለሁ። ሦስቱም ቅድሚያ ከሆኑ የትኛው ነው የሚቀድመው? እኔስ ሌሊት የምሠራ እናት ለማን፣ መቼ፣ ምን ብዬ ልናገር?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ በልቡ ይዞት ስለሚዞር ሰፋ አድርገን እንመልስልዎታለን። ከሁሉ በፊት ሊያውቁት የሚገባው፣ ሦስቱ ጉዳዮች ከአንድ ኪስ የማይወጡ፣ በአንድ ወቅትም የማይወሰኑ መሆናቸውን ነው። የካውንስለሯ ደመወዝ የሚከፈለው ከመደበኛው የሥራ ማስኬጃ በጀት ነው። ጣራው የሚቀየረው ለግንባታና ለትልልቅ እድሳት በሚውለው በካፒታል በጀት ነው። የትምህርት ቤቱ ነርስ ደግሞ በእርስዎ ካውንቲ የትምህርት ቦርዱ ሳይሆን የካውንቲው የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት መምሪያ ሠራተኛ ናት። ወላጅ ሦስቱንም በአንድ ደብዳቤ ደርቦ ሲጽፍ፣ ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር የውሳኔው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ቦርዱ ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱ በሕዝብ ተመርጠው ለአራት ዓመት የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ስምንተኛዋ ወይም ስምንተኛው ራሳቸው ተማሪዎቹ የሚመርጡት፣ የአንድ ዓመት ዘመን ያለው ተማሪ ነው። ከሰባቱ አምስቱ የየራሳቸው ወረዳ ነዋሪዎች መሆን ቢኖርባቸውም ድምፅ የሚሰጣቸው የካውንቲው መራጭ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ «የእኔ ወረዳ ተወካይ አይደሉም» ብለው የሚተዉት የቦርድ አባል አይኑር። ይህ ቦርድ 160,000 ገደማ ተማሪዎች ያሉበትንና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች የሚገኙበትን፣ በሜሪላንድ ትልቁን የትምህርት ሥርዓት ይመራል። ሆኖም አንድ ትልቅ ሥልጣን የለውም፤ ግብር አይጥልም። ገንዘቡን የሚመድበው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ የሥራ ማስኬጃው አብዛኛው ድርሻ ከካውንቲው፣ ቀጥሎ ከግዛቱ መንግሥት ይመጣል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ከሁሉ ያነሰ ነው። ምክር ቤቱም በበኩሉ በጀቱን የሚያጸድቀው የግዛቱ ሕግ በዘረዘራቸው ሰፋፊ ምድቦች እንጂ «ለዚህ ትምህርት ቤት አንድ ካውንስለር ጨምሩ» ብሎ በማዘዝ አይደለም። አንዱ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ሌላው ያከፋፍላል፤ ስለዚህ ለሁለቱም መናገር ያስፈልጋል፤ የሚነገረው ቃል ግን ይለያያል። ለምክር ቤቱ «ቦርዱ የጠየቀውን አትቀንሱ» ይባላል፤ ለቦርዱ ደግሞ «ካገኛችሁት ላይ ለዚህ አውሉ» ይባላል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ፤ እኛ ዋናው ነገር ይህ ነው ብለን እናምናለን። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በጁላይ 1 ነው። ሱፐርኢንተንደንት የሚባሉት የትምህርት ሥርዓቱ የበላይ ኃላፊ የሥራ ማስኬጃውን ረቂቅ የሚያቀርቡት ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብለው፣ በዲሴምበር አካባቢ ነው። ቦርዱ በጃንዋሪ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ በፌብሯሪ ጥያቄውን ቆርጦ ለካውንቲው ይልካል። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ በማርች የራሳቸውን ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ምክር ቤቱ በስፕሪንግ አስተያየት ሰምቶ በሜይ መጨረሻ ይወስናል። በጁን ቦርዱ የተፈቀደለትን ገንዘብ ከጥያቄው ጋር አስታርቆ ይዘጋል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ፊርማ አሰባስቦ ስለ አንድ ካውንስለር ለመናገር የቆመው በጁን ነበር። በአክብሮት ተሰማን፤ ገንዘቡ ግን ቀድሞ ተደልድሎ አልቆ ነበር። ያን ፊርማ በጃንዋሪ ይዘነው ብንሄድ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርስዎ ያን ዓይነት ድካም እንዳይደክሙ እንፈልጋለን።

ስለ ልጅዎ ጭንቀት ሲናገሩ «ለልጆቻችን ደኅንነት አስቡ» ብቻ ብለው አይቀመጡ፤ ይህን የማይቀበል የቦርድ አባል የለምና ቃሉ ተደምጦ ያልፋል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ እንዲመደብ ይመክራል። በልጅዎ ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ እንዳለና ስንት ካውንስለር እንደተመደበ ርእሰ መምህሩን ይጠይቁ፤ ቁጥሩን አካፍለው ከ250 ጋር ያስተያዩት፤ ያን ቁጥር ይዘው ይናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ የሆነው ብሉፕሪንት የተባለው የሜሪላንድ የትምህርት ማሻሻያ፣ ድህነት ለበዛባቸው ትምህርት ቤቶች አስተባባሪና የጤና ባለሙያ የሚቀጠርበት ገንዘብ እንዲደርሳቸው ያደርጋል፤ እነዚህ «ኮሚዩኒቲ ስኩል» ይባላሉ። የልጅዎ ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሆነ ለምክርና ለጤና አገልግሎት ሌላ በር አለልዎት ማለት ነው። ጭንቀቱ ልጅዎን ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ወይም ከትምህርት የሚያጎድላት ከሆነ ግን በጀት የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለካውንስለሯም ለሐኪሟም ይንገሩ። በእኛ ዘንድ የልጅን ጭንቀት «ያልፍላታል» ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው፤ እርስዎ ስሙን ጠርተው መጠየቅዎ ለልጅዎ ትልቅ ውለታ ነው።

የህንጻው ጉዳይ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። የካፒታል በጀቱ የሚዘጋጀው ለስድስት ዓመት ሲሆን፣ ሙሉ ክለሳ የሚደረግበት በየሁለት ዓመቱ ነው። የበላይ ኃላፊው ሐሳባቸውን የሚያቀርቡት በመከር ወራት ነው፤ ቦርዱ በኖቬምበር ይወስንና ወደ ካውንቲው ይልካል። ገንዘቡ በአብዛኛው ካውንቲው ቦንድ ሸጦ የሚበደረውና ከግዛቱ የሚገኘው የግንባታ ድጎማ ነው። ስለዚህ ለጣራ የተያዘን ገንዘብ ለካውንስለር ደመወዝ ማዋል አይቻልም፤ «ጣራ ትታችሁ ለልጆች አውሉ» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለ ጣራውና ስለ ማሞቂያው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በስድስት ዓመቱ ዕቅድ የትኛው ዓመት ላይ ተመድቧል?» የሚል። ትሬይለሩ ግን የተማሪ ቁጥር ጉዳይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከአቅሙ በላይ ተማሪ ሲይዝ የሚተከል ስለሆነ፣ የሚነሳውም ተጨማሪ ክፍሎች ሲገነቡ ወይም የትምህርት ቤቶቹ ወሰን ሲከለስ ነው። ግንባታ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ኖርዝውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ እንዲገነባ ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ሮክቪል፣ ወደ ውድዋርድ ህንጻ መዛወር ነበረባቸው። የዛሬው ጥያቄዎ ምናልባት ለታናሹ ሳይደርስ ከእርሱ ኋላ ለሚመጡት ይደርስ ይሆናል፤ ቢሆንም መጠየቅ አለበት። ዝናብ የሚያፈስስ ወይም የቆመ ማሞቂያ ግን ዕቅድ አይጠብቅም፤ ፎቶ አንስተው፣ ቀኑን ጽፈው ለርእሰ መምህሩ ይላኩ፤ የጥገና ጥያቄ ወዲያው እንዲከፈትና ቁጥሩ እንዲነገርዎት ይጠይቁ።

ሌሊት መሥራትዎ እንዳያግድዎ፣ አስተያየት በጽሑፍም መላክ ይቻላል። በአካል ለመናገር ከፈለጉ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ስለሆነ አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጡ። እንግሊዝኛው አያስጨንቅዎ፤ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ እንዲሰጡ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ያስገድዳል፤ ካውንቲውም ጽሑፎቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ይጠይቁ እንጂ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ በተለይ ጉዳዩ የራሷ ጭንቀት ሲሆን ሸክሙ ይበዛባታል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለነፃ ወይም በቅናሽ ለሚሰጥ ምሳ የገቢ ቅጽ ይልካል። ልጄ ምሳዋን ከቤት ስለምትይዝ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የትምህርት ቤቱን ምግብ ስለማትበላ፣ ሞልቼው አላውቅም። ከዚህ በጀት ጋር ግንኙነት አለው?
(የሦስት ልጆች አባት፣ ከጀርመንታውን)

መልስ፦ በጣም አለው። በሜሪላንድ የትምህርት ገንዘብ ቀመር፣ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የሚመጡ ተማሪዎች ቁጥር ግዛቱ ለትምህርት ሥርዓቱ የሚጨምረውን ገንዘብ ከሚወስኑት አንዱ ነው፤ ልጅዎ ምሳውን በላችም አልበላችም በቁጥሩ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ቅጹ የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን አይጠይቅም፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌለው ሰውም «የለኝም» የሚል ሳጥን አለው። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ቅጹን የማይሞሉት በይሉኝታ ነው። ይሉኝታው ግን የጎረቤትን ልጅም ይጎዳል፤ ገቢዎ ከተቀመጠው ልክ በታች ከሆነ እባክዎ ይሙሉት። በጾም ወራት ልጅዎ የሚበላ የጾም ምግብ እንዲኖር የካፊቴሪያውን ኃላፊ መጠየቅም ይቻላል፤ ጥያቄው ከአንድ ወላጅ ይልቅ ከብዙ ወላጆች ሲመጣ ክብደት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ የምኖረው ታኮማ ፓርክ ነው። ለከተማው ምክር ቤት መምረጥ ትችላለህ ተብያለሁ። ለትምህርት ቦርዱስ?
(አንድ አንባቢ)

መልስ፦ ለትምህርት ቦርዱ አይችሉም። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለከተማው እንዲመርጡ ከፈቀደች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የቦርዱ ምርጫ ግን በግዛቱ የምርጫ ሕግ ስለሚመራ ዜግነት ይጠይቃል። እባክዎ ሁለቱን አያምታቱ፤ ዜጋ ሳይሆኑ በማይፈቀድ ምርጫ መመዝገብ ወይም መምረጥ የመኖሪያ ፈቃድን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። በቦርዱ ስብሰባ ለመናገርና ለመጻፍ ግን ዜግነት አይጠየቅም። በቤትዎ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ዜጋ ባይሆንም የቦርዱን ተማሪ አባል ለመምረጥ ድምፅ አለው፤ ያ ተማሪ አባል በበጀቱም ላይ ድምፅ ይሰጣል። ምርጫው የሚካሄደው በስፕሪንግ፣ በየትምህርት ቤቱ ነው፤ ልጅዎ ተወዳዳሪዎቹ ስለ ካውንስለርና ስለ ህንጻ ምን እንዳሉ አስቀድሞ እንዲያነብ ያድርጉ።