ሊኑክስ መማር ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ሊኑክስ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው ዲስትሮ (ከሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዝርያዎች አንዱን) በማማረጥ ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና አርች ሁሉም የሚነሡት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ከጀመረው ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ነው። ፕሮግራም የሚጫንበት ትእዛዝ ይለያያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አፕት፣ በፌዶራ ዲኤንኤፍ፣ በአርች ፓክማን ነው። የፋይል ፈቃድ፣ ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) እና ሎግ (የክንውን መዝገብ) ግን የትም ብትሄዱ ያው ነው። አንዱን ምረጡና አንድ ዓመት አብራችሁት ቆዩ።

ከመጫናችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ሊኑክሱን በፍላሽ አስነሡትና ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን እዩ። ፍላሹን በዲዲ (dd፣ ዲስክ ላይ በቀጥታ በሚጽፈው ትእዛዝ) የምታዘጋጁ ከሆነ መጀመሪያ ኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) ብላችሁ ዲስኮቹን በመጠናቸው ለዩ። ዲዲ እርግጠኛ መሆናችሁን አይጠይቅም፤ የዲስኩን ስም ስትሰጡት ኤስዲቢ (sdb) ማለት ሲገባችሁ ኤስዲኤ (sda) ካላችሁ የሚጠፋው የኮምፒውተሩ ዲስክ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ ግን ፈቃድን ነው። "ፐርሚሽን ዲናይድ" (ፈቃድ የለህም) ሲመጣ ብዙ ጀማሪ በፈቃድ መለወጫው ትእዛዝ ሲኤችሞድ 777 (chmod 777) ብሎ ይገላገላል። እባካችሁ አታድርጉት። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሦስቱ አሃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌላው ሁሉ ድምር ናቸው። 644 ሲሆን ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ያነባል ብቻ። 777 ሲሆን ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይሉን መለወጥ ይችላል። የኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የግል ቁልፍ ላይ ካደረጋችሁትማ ኤስኤስኤች ራሱ ቁልፉን አልጠቀምም ይላል፤ 600 አድርጉት።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከፋይሉ ላይ አይደለም። በፎልደር ላይ ያቺ 1 የምትፈቅደው ማለፍን ነው። ፋይሉ 644 ቢሆንም ከበላዩ ካሉት ፎልደሮች በአንዱ ማለፍ ካልተፈቀደላችሁ አታነቡትም። ኔምአይ ጭረት ኤል (namei -l) ብላችሁ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስጡት፤ ከሩት (ከሁሉ በላይ ካለው ፎልደር) ጀምሮ የእያንዳንዱን ፎልደር ባለቤትና ፈቃድ በየመስመሩ ያወጣላችኋል። የከለከለው የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታያል፤ የምታስተካክሉትም እሱን ብቻ ነው።

ሰርቨር ስትይዙ ሌላም ይገጥማችኋል። ዲኤፍ (df፣ የዲስኩን ባዶ ቦታ የሚያሳይ ትእዛዝ) ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል ይላል፣ ዲዩ (du፣ የፋይሎችን መጠን የሚደምር ትእዛዝ) ደግሞ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሲደምር ግማሹን እንኳ አያገኝም። አንድ ሰው ትልቅ ሎግ ሰርዞ፣ የሚጽፍበት ፕሮግራም ግን ፋይሉን ገና ከፍቶ ይዞት ይሆናል። ስሙ ቢጠፋም ፕሮግራሙ እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ኤልሶፍ (lsof) ማን እንደያዘው ያሳያችኋል፤ ያንን ሰርቪስ ብቻ ሪስታርት አድርጉ፣ ሰርቨሩን በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። በተቃራኒው ዲኤፍ ቦታ አለ እያለ "ዲስኩ ሞልቷል" ከተባላችሁ ዲኤፍ ጭረት አይ (df -i) በሉ። ያለቀው አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው የመዝገብ ቦታ) ከሆነ አንድ ትልቅ ፋይል ማጥፋት አይረዳችሁም፤ የተጠራቀሙትን ጥቃቅን ፋይሎች፣ በተለይ የካሽና የሴሽን ፋይሎችን ፈልጉ።